አሰላን የማታውቅ የአሰላ ልጅ

«እኛ አሰላ እያለን» አለች አበባ፣ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆማ፣ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፤ «ማታ ማታ ፀሐይ ከጭላሎ ጀርባ ስትጠልቅ ደጅ ወጥተን እናያት ነበር። ግን ማንም ከማንም ጋር አያወራም። ጎረቤት የጎረቤቱን ስም አያውቅም። እዚህ ዲክሲስ ግን ያችው ፀሐይ ከዚያው ተራራ ጀርባ ስትገባ ሰው ሁሉ ደህና እደሩ ይባባላል። ስለዚህ ትንሽ ከተማ ይሻላል እላለሁ።»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። መምህር ፍሰሐ ጠመኔያቸውን ኪሳቸው ከትተው ፈገግ አሉ። ለክርክሩ በክብር እንግድነት የተጠሩት የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገብረ መድህን እንኳ ከኋላው አግዳሚ ላይ እንደተቀመጡ ራሳቸውን ነቀነቁ። የክፍል ጓደኛዋ የኢፍቱ እጆች ግን ለማጨብጨብ እንደተነሡ አየር ላይ ቀሩ።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ከታጨደው የስንዴ ማሳ ባሻገር፣ በምዕራብ በኩል፣ ጭላሎ ሰማያዊ ሆኖ ተጋድሟል፤ የታኅሣሥ ፀሐይም ወደ ትከሻው ዘንበል ማለት ጀምራለች። ዲክሲስ ተወልዶ ዲክሲስ ላደገ ሰው አበባ ያለችው እንከን የለበትም። ፀሐይ የምትተኛው ጭላሎ ጀርባ ነው፤ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። አሰላ ግን ያለችው ከተራራው ወዲያ ማዶ ነው። እዚያ ጭላሎ ፀሐይ የምትወጣበት እንጂ የምትገባበት አይደለም። ኢፍቱ አሰላ አጎቷ ቤት ተቀምጣ ስትማር በየማለዳው ፀሐይዋ ተራራውን እስክትሻገር በብርድ እየተንቀጠቀጠች ጠብቃለች። ማታ ደግሞ ለተራራው ጀርባ ተሰጥቶ ነው ፀሐይ የምትታየው፤ ቁልቁል ወደ ዝዋይ ሐይቅ ነው የምትወርደው። አንድ ሳምንት እንኳ አሰላ የኖረ ሰው ይህን አይስተውም።

ይቺ ልጅ አሰላን ኖራባት አታውቅም፣ አለች ኢፍቱ በልቧ።

ኢፍቱ ራሷ በክርክሩ ከተሸነፈው ወገን ነበረች። «ትልቅ ከተማ ይሻላል፤ ምክንያቱም የት ነበርሽ፣ ለምን መጣሽ ብሎ የሚያፋጥጥ የለም» ስትል ክፍሉ ስቆባት ነበር። አሰግድ የሚባለው የክፍሉ ቀልደኛ ደግሞ ከኋላ ሆኖ «ታዲያ ለምን መጣሽ?» ብሎ ሳቁን አባብሶታል።

ለምን እንደመጣች ለሁሉም ተናግራለች። የአጎቷ ሚስት መንታ ወለደች፤ ቤቱ ጠበበ፤ አጎቷም ወደ ዲክሲስ ከሚሄድ ጭነት መኪና ላይ አሳፍሮ ወደ አባቷና እናቷ ላካት። በቃ ይኸው ነው። ዲክሲስ ግን «በቃ ይኸው ነው» የሚባል ነገር አትወድም። ከጥቅምት ወዲህ ሰው ሁሉ የየራሱን ምክንያት ሰጥቷታል። አንዱ «ፈተና ወድቃ ነው» ይላል። ሌላው «እጇ አላርፍ ብሎ ተባርራ ነው» ይላል። ምንጭ ስትወርድ ደግሞ ሴቶቹ ሆዷን በዓይናቸው ይለካሉ። ኦሮምኛዋ ተሰባብሯል ብለው ይስቁባታል፤ አማርኛዋ ሲሰሙት ደግሞ «አራዳዋ መጣች» ይላሉ።

እውነቱን ተናግራ ያላመነቻት ከተማ፣ ዛሬ ለውሸት አጨበጨበች። ያንገበገባት ይህ ነበር።

አበባና እናቷ ወይዘሮ ተሻለች የመጡት ከእሷ ጥቂት ሳምንት ዘግይተው ነው። የያዙት አንድ ሻንጣ፣ አንድ ፍራሽና አንድ ጆንያ የሱፍ ክር ብቻ ነበር። እማማ አሰፋች ጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራዩና ወይዘሮ ተሻለች ሹራብ እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ። «ከአሰላ ነው የመጣነው» አሉ። መሸኛችሁስ ሲባሉ «መንገድ ላይ ጠፋብን» አሉ። በዚያ ዘመን አንድ ሰው ከተማ ሲቀይር የቀድሞ ቀበሌው «ይህ ሰው እኛ ዘንድ ይኖር ነበር፤ በሰላም ሸኝተነዋል» የሚል ወረቀት ካልሰጠው በሄደበት አገር ሰው አይደለም። ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አይሸጥለትም። አበባም ክፍል የምትገባው መምህር ፍሰሐ እየለመኑላት ነበር።

ለክርክሩ ዝግጅት መምህር ፍሰሐ ተማሪዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው የነዋሪውን አስተያየት እንዲጠይቁ ሲያሰማሩ፣ «ሁለታችሁም የአሰላ ልጆች ናችሁ» ብለው ኢፍቱን ከአበባ ጋር አጣመሯት። መጀመሪያ የሄዱት እማማ አሰፋች ዘንድ ነበር። እማማ ለጠላ የሚሆን ብቅል ፀሐይ ላይ እያሰጡ አገኟቸው።

«እማማ፣ ትንሽ ከተማ መኖርን እንዴት ያዩታል?» አለች ኢፍቱ።

«ማነው የላካችሁ?»

«መምህር ፍሰሐ ናቸው።»

«እሳቸውንስ ማን ላካቸው?»

«ኧረ ለክርክር ነው፣ እማማ።»

«እንዲያ ከሆነ ደስ ብሎን ነው የምንኖረው በያቸው። ብርዱም ደስ ይላል፣ ጭቃውም ደስ ይላል፣ ቀበሌውም ደስ ይላል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ አሰፋች አለች ብለሽ እንዳትናገሪ።»

ልብስ ሰፊው ቱሳ ግን የስፌት መኪናውን ፔዳል ሳያቆም እንደልቡ አወራላቸው። «እኔ ከኢተያ የመጣሁት ለአንድ ገበያ ብዬ ነበር። ሸጬ ልመለስ። ይኸው አለሁ። እዚህ ሰው ክፉ አይደለም። ስታስነጥሺ ሦስት ቤት ይማርሽ ይልሻል። ችግሩ፣ ሦስቱም ቤት ለምን እንዳስነጠስሽ ያውቃል።» ከዚያ ዓይኑን ከመርፌው ላይ አንሥቶ አበባን አያት። «አንቺስ? አሰላ የማን ልጅ ነሽ?»

አበባ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ማሰር ጀመረች። ክሩ አልተፈታም ነበር።

ኢፍቱ ያኔ አይታ ዝም ብላለች። ዛሬ ግን ዝም አላለችም። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሮጣ ደረሰችባት።

«ጎበዝ ነሽ» አለቻት። «ሁሉንም ሸወድሻቸው።»

«ምን ሸወድኩ?»

«በንግግር ማለቴ ነው።» እርምጃዋን ከአበባ ጋር አስተካከለች። «እኔማ አሰላ ናፈቀኝ። ያ የሀሰኖ ዳቦ ቤት፣ ከሆስፒታሉ አለፍ ብሎ ያለው፣ አሁንም ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ነው?»

አበባ ለአፍታ ዘገየች። «አሁንማ ብሶበታል» አለች። «እናቴ ጎህ ሳይቀድ ነበር የምትሰለፈው።»

የሀሰኖ ዳቦ ቤት የሚባል ነገር አሰላ ውስጥ የለም። ኢፍቱ ስሙን የፈጠረችው ከአፏ ሲወጣ ነው። ወጥመዷ እንደያዘላት ስታውቅ ደስ አላት፤ ደስታው ግን ከመታጠፊያው አላለፈም። እዚያ ሲደርሱ ሁለት ሚሊሺያዎች ጠመንጃ አንግተው ከፊት ለፊታቸው መጡ። አበባ ሳታስበው የኢፍቱን እጅ ጨበጠች። እጇ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ሚሊሺያዎቹ «ነጋ ጅርቱ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው አለፉ። ከራቁ በኋላ አበባ እጇን ለቀቀችና ሳቅ ለማለት ሞከረች።

«ብርዱ» አለች።

ኢፍቱ ቤቷ እስክትደርስ በነገሩ ተብሰለሰለች። ያላጠፋ ሰው ሚሊሺያ ሲያይ እንዲህ ይሆናል? የወይዘሮ ተሻለች እጅ የሹራብ ሠሪ እጅ አይመስልም፤ ለስላሳ ነው። ጫማቸው የከተማ ጫማ ነው፤ የትልቅ ከተማ። ታዲያ ለምን አሰላ ይላሉ? የት ነበሩ? ምን አድርገው መጡ? ጥያቄዎቹ ምንጭ ላይ ሴቶቹ ስለ እሷ የሚጠያየቋቸው ዓይነት መሆናቸውን አስተውላለች። ቢሆንም መጠየቋን አላቆመችም። እሷ እውነቷን ነበር የተናገረችው። ልዩነት አለው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በአባቷ ሱቅ ውስጥ ለአንዲት ሴት ላምባ እየቀዳች ሳለ ጓድ ገብረ መድህን ገቡ። ሴትየዋ ጠርሙሷ ሳይሞላ ከፍላ ወጣች። ሊቀመንበሩ ከአብዮቱ በፊት ወፍጮ ቤት ይሠሩ ነበር፤ አሁንም ሲናገሩ ወፍጮው አጠገባቸው የሚያጓራ ይመስል ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

«ከዲሮ፣ ልጅህን ልዋስህ ነው» አሉ።

አባቷ ሚዛኑን የሚጠርግበት ጨርቅ እጁ ላይ ቀረ። «ምን አጠፋች፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

«ምንም። እሑድ ስብሰባ አለ። መሸኛ የሌለው እንግዳ ወደመጣበት ይመለስ የሚል ትእዛዝ ከላይ ወርዷል። ያቺ ሹራብ ሠሪና ልጇ ከአሰላ ነን ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። እኔ አሰላን የማውቃት ከመናኸሪያ እስከ ክፍለ ሀገር ጽሕፈት ቤት ነው፤ ስብሰባ ገብቼ፣ አንቀላፍቼ፣ ወጥቼ ነው የምመለሰው። ልጅህ ግን ኖራባታለች።» ወደ ኢፍቱ ዞሩ። «በሕዝብ ፊት ትጠይቂያቸዋለሽ። ሦስት አራት ነገር። የአሰላ ሰው ሊስተው የማይችለውን። ከመለሱ፣ መለሱ ትያለሽ፤ እኛም እንመዘግባቸዋለን። ካልመለሱ ሰኞ በጭነት መኪና ወደ ክፍለ ሀገር ጽሕፈት ቤት ይሄዳሉ። ከየት እንደሆኑ፣ ለምን እንደሸሹ፣ እዚያ ሆነው ያስረዳሉ።»

«ልጅ ናት እኮ፣ ጓድ።»

«ልጅ ስለሆነች ነው የመረጥኳት። ትልቅ ሰው ብጠይቅ ምን አውቄ ይለኛል። በዚህች ከተማ ሁሉም ሁሉን ያውቃል፤ ሲጠየቅ ግን ማንም ምንም አያውቅም።» ከመደርደሪያው አንድ ክብሪት አንሥተው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ።

አባቷ የጨው ጆንያው ላይ ተቀመጠ። 

«የአሰላ ሰዎች ናቸው?» አላት በመጨረሻ።

«አይደሉም፣ አባ።»

«ለሰው ተናግረሻል?»

«አልተናገርኩም።»

«ጥሩ። እሑድ የሚጠየቀውን ጠይቂ። ካወቁ አወቁ። ካላወቁ አላወቁም። አንቺም አልዋሸሽ፣ እኔም አልዋሸሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የእኛ ጉዳይ አይደለም።» ጨርቁን በጉልበቱ ላይ አጠፈው፤ መልሶ ዘረጋው። «ባለፈው ክረምት ጨው ደብቀሃል ተብዬ ቀበሌ ስታሰር የጠቆመኝ ማን ነበር? ጠላት አይደለም። ጎረቤት ነው። አሁንም ጎረቤቴ ነው፤ አሁንም ጨው እሸጥለታለሁ። ትንሽ ከተማ እንደ ጠባብ አልጋ ነው፤ አንዱ ሲገላበጥ ሌላው ይነቃል። ሳይገላበጡ መተኛት ነው።»

«የዋሹት እኮ እነሱ ናቸው» አለች ኢፍቱ፣ ማንም ሳይወቅሳት።

«ይዋሹ። ሰው ቤቱን ጥሎ ዲክሲስ ድረስ የሚመጣው ብርዱ አምሮት አይደለም። የገፋው ነገር አለ። ያ የገፋው ነገር ደግሞ ዱካውን ተከትሎ ይመጣል። ሲመጣ አጠገባቸው አንገኝ።»

እናቷ ጓዳ ውስጥ ሆና ትሰማ ነበር። «እኔም ከጎበሳ ስመጣ እዚህ የሚያውቀኝ ሰው አልነበረም» አለች።

«ያ ሌላ ነው» አለ አባቷ። «አንቺን እኔ አምጥቼሽ ነው።»

«ልክ ነው፤ ሌላ ነው» አለች እናቷ። 

ቅዳሜ ጠዋት ኢፍቱ ጥያቄዎቿን በሐሳቧ ማዘጋጀት ጀመረች። ከዳቦ ቤቱ በኋላ ጥያቄ መፈልሰፍ ቀላል ሆኖላታል። ሐይቁ በየት በኩል ይታያል? ገበያው ከመናኸሪያው ላይ ነው ታች? ማታ የሚነሣው ንፋስ ከየት ነው የሚመጣው? አንዱ እንኳ አይመለስም። አበባ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆማ፣ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ዝም ስትል ታየቻት። አሰግድ ሲስቅ ታያት። ከዚያ ሰኞን አሰበች፤ ጭነት መኪናውን፣ ሻንጣውን፣ ያንን ቀዝቃዛ እጅ።

ልክ የመጣች ሰሞን አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ አስቁመው ከመስጊዱ ማዶ ያለውን ማሳ ስሙን ጠይቀዋት ነበር። አላወቀችውም። «የዲክሲስ ልጅ ነኝ ትያለሽ?» ብለዋት ሄዱ። የዲክሲስ ልጅ መሆኗ ግን እውነት ነበር። ስሙን ስላላወቀች እውነትነቱ አልቀረም።

ቢሆንም ገና አልወሰነችም። መጀመሪያ ማወቅ አለባት። መጥፎ ሰዎች ከሆኑ ይሂዱ። ካልሆኑ ደግሞ… ካልሆኑ ምን እንደሚሆን አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ውሃ ልትቀዳ እንደሆነ ተናግራ ጀሪካኗን ይዛ ወጣች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ግራ ቀኝ አየችና ወደ እማማ አሰፋች ጓሮ ገባች። ጀሪካኗን አጥሩ ሥር አስቀመጠች።

በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ፍራሹ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። ሻንጣው ተዘግቷል። አንድ እጅጌ የጎደለው ሹራብ ከነመርፌው ጆንያው አፍ ላይ ተወትፏል። ወይዘሮ ተሻለች እንደቆሙ አዩዋት። እሑድ ማን እንደሚጠይቃቸው ሰምተዋል፤ ፊታቸው ይናገራል።

«ግቢ፣ ልጄ» አሉ።

«ልትሄዱ ነው?»

«መኪና ካገኘን።»

«ወዴት?»

ወይዘሮ ተሻለች ጎንበስ ብለው የፍራሹን ገመድ አጠበቁ። 

አበባ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ኢፍቱ ወደ እሷ ዞረች።

«አሰላ ላይ ፀሐይ ከጭላሎ ጀርባ አትጠልቅም» አለች። «ከጭላሎ ነው የምትወጣው።»

አበባ ጉልበቷን አቀፈች።

«የሀሰኖ ዳቦ ቤትም የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«እሱስ ገብቶኝ ነበር» አለች አበባ። «ከመለስኩ በኋላ። ፊትሽ ላይ አየሁት። ፊትሽ ምንም መደበቅ አይችልም።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጣሽኝም?»

«ምን ብዬ? ለምን ውሸቴን ያዝሽብኝ ልበልሽ?»

ሁለቱም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም፤ ግን አልሳቁም።

«ለማን ነገርሽ?» አሉ ወይዘሮ ተሻለች።

«ለአባቴ ብቻ።»

ሴትየዋ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አባቴ አይናገርም» አለች ኢፍቱ። «ፈሪ ነው።» ወዲያው ቃሉ ቆጫት። ግን የመጣችበት ጉዳይ ነበራትና ቀጠለች። «እኔ ማወቅ አለብኝ። ሰርቃችሁ ነው?»

«አይደለም።»

«ሰው ገድላችሁ ነው?»

«አይደለም፣ ልጄ።»

«ሰርቀው ቢሆን ኖሮ ይነግሩኝ ነበር?»

ወይዘሮ ተሻለች ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋት።  «አልነግርሽም ነበር» አሉ።

ከጥቅምት ወዲህ በዲክሲስ ከሰማቻቸው መልሶች ሁሉ ኢፍቱ ሳትጠራጠር የተቀበለችው ይህን ብቻ ነበር።

«እኔ ልንገራት፣ እማዬ» አለች አበባ። ከተቀመጠችበት ተነሣች። «ልንገራትና ይውጣልኝ። ስሚ ኢፍቱ፣ አባቴ…»

ኢፍቱ ከክርክሩ ቀን ጀምሮ ስትፈልገው የነበረው ነገር አበባ ከንፈር ላይ ደርሷል። ለስላሳዎቹ እጆች፣ የከተማው ጫማ፣ የጠፋው መሸኛ፣ ሁሉም አሁን ይፈታል። በዚያው ቅጽበት ግን እሑድ ታየቻት። ጓድ ገብረ መድህን በዚያ የወፍጮ ቤት ድምፃቸው «ሌላስ የምታውቂው ነገር አለ?» ሲሉ። አባቷ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ አንገቱን ደፍቶ። የራሷ ፊት ደግሞ፣ ምንም መደበቅ የማይችለው ፊት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

«አትንገሪኝ» አለች።

«ምን?»

«አትንገሪኝ አልኩሽ። ካልነገርሽኝ አላውቅም። ቢጠይቁኝ አላውቅም እላለሁ፤ እውነትም አላውቅም።»

 እናትና ልጅ ተያዩ። ምናልባት መጥፎ ሰዎች ይሆናሉ፣ አለች ኢፍቱ በልቧ። ምናልባት አባቷ ልክ ነው፤ የገፋቸው ነገር ነገ ከነገ ወዲያ ዱካቸውን ተከትሎ ዲክሲስ ይገባል። ይህን እያሰበች ሄዳ ታስሮ በተቀመጠው ፍራሽ ላይ ተቀመጠች።

«አሰላን ግን አውቃታለሁ» አለች። «የምጠይቀውም እኔ ነኝ።»

 ነገሩ መጀመሪያ የገባት አበባ ነበረች። መጥታ ፊት ለፊቷ ተንበረከከች።

«ምን ምን ልትጠይቂ ነው?»

«መጀመሪያ አቅጣጫ። የአሰላ ሰው ግራ ቀኝ አይልም። ላይና ታች ነው የሚለው። ከተማው ዳገት ላይ ነው። ላይ ማለት ወደ ተራራው ነው፤ ታች ማለት ወደ ሐይቁ። ሐይቁ ሩቅ ነው፤ ግን ደመና ከሌለ ከሰዓት በኋላ እንደ ቆርቆሮ ያበራል። በይ።»

«ላይ ማለት ወደ ተራራው፣ ታች ማለት ወደ ሐይቁ፣ ሐይቁ ሩቅ ነው ግን ደመና ከሌለ…»

«እንደ መዝሙር አታነብንቢው። የተሸመደደ መሆኑ ያስታውቅብሻል። የሰለቸሽ ሰው ሆነሽ ተናገሪ። የኖረበት ሰው አገሩን ሲያወራ ይሰለቸዋል።»

አበባ ትከሻዋን ለቀቅ አደረገች። «ሐይቁማ ታች ነው» አለች፣ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቅላ። «ደመና ከሌለ ይታያል። ማን ያየዋል ግን።»

«እሱ ነው» አለች ኢፍቱ። «ማን ያየዋል ያልሽው ጥሩ ነው።»

ከውጭ የእግር ኮቴ ተሰማ። ሦስቱም ወደ በሩ ዞሩ። ኮቴው በሩ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ኢፍቱ አጥሩ ሥር የተወችው ጀሪካን ትዝ አላት። እማማ አሰፋች ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በሩን ዝጉት» አሉ ከውጭ። «ብርድ ይገባል።»

ኮቴው ራቀ። ኢፍቱ አሮጊቷ ብርዱን ብቻ ማለታቸው ይሁን ሌላ ነገር ማለታቸው ይሁን ልታውቅ አልቻለችም። ከዚህ ግቢ እስከ እሑዱ ስብሰባ ድረስ ብዙ ጆሮ አለ። መውጣት ብትፈልግ አሁን ነበር። ተነሥታ በሩን ዘጋችውና ተመልሳ ተቀመጠች።

ወይዘሮ ተሻለች እስከዚያ ድረስ ቆመው ነበር። አሁን ከጆንያው አፍ ላይ ያንን እጅጌ የጎደለው ሹራብ መዝዘው አወጡ። በቀስታ ከልጃቸው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡና መርፌዎቹን ያዙ።

«እኔንስ ምን ትጠይቂኛለሽ፣ ልጄ?» አሉ።

በግድግዳው ስንጥቅ የገባው ብርሃን ወደ ቀይነት እየተለወጠ ነው። ውሃው ገና አልተቀዳም። አባቷ የት ቆየሽ ማለቱ አይቀርም፤ ምንጩ ላይ ወረፋ ነበር ትለዋለች፤ ያምናታል።

«ከመኪና ወርዳችኋል እንበል» አለች ኢፍቱ። «መናኸሪያው ውስጥ ቆማችኋል። ፊታችሁን ወደ ላይ አዙሩ።»

እናትና ልጅ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ፊታቸውን አዞሩ።